ሳልሄድ የተመለስኩበት ደሴት

ቁርስ ሳይቀምሱ እስከ አምስት ሰዓት መቆየት ድሃ ሲያደርገው ችግር ይባላል፤ ሀብታም ሲያደርገው ብራንች! ልዩነቱ ይኸው ነው። ሌላ ልዩነት አግኝቻለሁ የሚል አንባቢ ካለ ይጻፍልኝ። እኛማ ነገሩን ከተማሪነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ቁርስና ምሳን አጋብተን፣ “ቁምሳ” የሚል ስም አውጥተን ስንት ዓመት ኖረንበታል! ያኔ ማንም ፎቶ አላነሳንም። ዛሬ ያችው ቁምሳ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ አንጥፋ፣ ጎኗ ላይ የሐብሐብ ቁራጭ ሰክታ፣ ስሟን ቀይራ ብትመጣ ሰው ይሰለፍላት ጀመር። “ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት” ይባል ነበር፤ ይሄኛው ግን ከጎረቤት ወጥቶ እኛ ቤት ተቀበልነው።

በዚህች ስሟን በቀየረች ቁምሳ ምክንያት የአሥራ ስምንት ዓመት ትዳሬ ሊናድ ነበር ብላችሁ ታምናላችሁ? አታምኑም። እኔም አላመንኩም ነበር።

ለአዲስ አንባቢ ራሴን ላስተዋውቅ። ሐረር የምኖር የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ዕድሜ ልኬን ስለ ውቅያኖስ፣ ስለ ደሴት፣ ስለ ማዕበል አስተምሬያለሁ። በዓይኔ ያየሁት ትልቁ ውኃ ግን የሐረማያ ሐይቅ ነው። እሱም እኔ ካየሁት በኋላ ደረቀ። አሁን ተመልሷል ይላሉ፤ እኔ ግን መልሼ እንዳላደርቀው ብዬ ሄጄ አላየሁትም። በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ በዚህ የጋዜጣ ገጽ ላይ በየሳምንቱ ከእናንተ ጋር እጫወታለሁ። ታዲያ አንድ ሰኞ አዘጋጃችን ከአዲስ አበባ ደወለልኝ።

“ቲቸር፣ ለዚህ ሳምንት አንድ አሪፍ ሐሳብ አለኝ።”

“እሺ፣ ምን?”

“ሞቃታማ ደሴት ላይ የሳምንት መጨረሻ ብራንች የት የት ይበላል የሚል።”

“ደሴት?”

“አዎ፣ ደሴት!”

“ወንድሜ፣ እኔ እኮ ያለሁት ሐረር ነው።”

“ለሱ እኮ ነው አንተን የመረጥኩህ። ከሁላችንም ለባሕር የምትቀርበው አንተ ነህ!”

ምን ትሉታላችሁ? በካርታው ከሄድን ሰውየው አልተሳሳተም። የጂኦግራፊ መምህር ሆኜ ካርታ ልክድ? “እሺ” አልኩት። ይቺ “እሺ” የምትባል ቃል ስንቱን ገደል ከትታለች መሰላችሁ…

ያስቸገረኝ ጊዜው ነው። በማግስቱ ማክሰኞ ለአራት ቀን ሥልጠና ድሬዳዋ መውረድ ነበረብኝ። ስለዚህ በዚያው ሰኞ ከሰዓት የመምህራን ማረፊያ ክፍል ጥጉን ይዤ፣ ስልኬ ላይ ስለ ደሴት የተለቀቀ ቪዲዮ መመልከት ጀመርኩ። ሦስት አይቼ አራተኛው ላይ የኢንተርኔት ጥቅሌ አለቀ። በቃ፣ ሦስቷን ስንቅ አድርጌ ባሕር ገባሁ።

እንዴት እንደጻፍኩት አትጠይቁኝ። “አሸዋው እንደ ፈቲራ ሊጥ ለስልሶ እግሬን ተቀበለኝ” አልኩ። “ስሟን ልነግራችሁ የማልፈልግ ደሴት” አልኩ፤ ያልፈለግሁት ስሟን ስለማላውቀው ነበር። ከዚያ ቦታ ማማረጥ ጀመርኩ። አንደኛ፣ እግርን ውኃ ውስጥ ነክሮ የሚበላባት በዘንባባ ቅጠል የተከደነች ጎጆ። ሁለተኛ፣ ኮረብታው አናት ላይ ያለች፣ እንቁላልዎን እየቆረሱ መርከብ የሚቆጥሩባት ሰገነት። ሦስተኛ፣ ጀልባ ላይ የተዘረጋ ገበታ! ማንጎ፣ ፓፓያ፣ የኮኮናት ወተት፣ ከዚያም በሎሚ ተሽቶ በእሳት የተለበለበ፣ ስምንት እግር ያለው የባሕር እንስሳ። “ሁሉንም ቀምሼ ነው የምነግራችሁ፤ በተለይ ስምንት እግሩ ልዩ ነው!” ብዬ ጨረስኩ። እናንተ ሆዬ፣ ሰው ሲዋሽ እንዲህ ይርበዋል ለካ! ጽፌ እንደጨረስኩ ክበብ ገብቼ ሁለት ሳምቡሳ በላሁ።

ማክሰኞ ድሬዳዋ ወረድኩ። ድሬዳዋ ደግሞ ታውቋታላችሁ። የሥልጠናው አዳራሽ ማራገቢያ ስለተበላሸ አሠልጣኙ “ነፋስ ካለበት እንሁን” ብሎ ግቢው ውስጥ አስቀመጠን፤ ነፋሱ አልመጣም፤ ፀሐይዋ ግን አንድም ቀን አልቀረችም። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሐረር ስመለስ አፍንጫዬ እንደ ድንች ተልጦ ነበር።

ከመናኸሪያ የያዝኩት ባጃጅ ፈረስ መጋላ አደባባይ አወረደኝ። ገና አንድ እግሬን ሳወርድ፣ እዚያው ጨርቅ የምትሸጠው ጎረቤታችን ራውዳ ከሱቋ በር ላይ ጮኸች።

“ቲቸር! አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም ገባህ!”

“አልሐምዱሊላህ ራውዳ፣ ደህና ነሽ?”

“ባሕሩ አላስቸገረህም?”

“የምን ባሕር?”

ሳቀች። “አቦ ተወና! ሁላችንም አይተናል። ጀርባህን አይተናል!”

አንድ የተከበረ መምህር በቅዳሜ ጠዋት፣ ፈረስ መጋላ መሐል፣ “ጀርባህን አይተናል” ሲባል ምን ይሰማዋል? ዞር ብዬ ሱሪዬን ፈተሽኩ። ደህና ነው። ራውዳ ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ጽሑፌ በቴሌግራም ተለቋል። ከላዩ ላይ አዘጋጁ ከየት እንዳመጣው የማላውቀው ፎቶ ተለጥፏል፤ የሣር ባርኔጣ ያጠለቀ፣ መላጣው ከባርኔጣው ሥር በትንሹ የሚታይ፣ ትከሻው ሰፋ ያለ ሰው ጀርባውን ሰጥቶን ባሕሩን ያያል። ከሥሩ “ጸሐፊያችን በጉዞ ላይ” ይላል!

“ይሄ እኮ እኔ አይደለሁም!”

“ወላሂ አንተ ነህ። አፍንጫህ ራሱ ይናገራል” አለችና ገበያተኛዋን ጥላ አብራኝ ወደ ቤት መንገድ ጀመረች።

እዚህ ላይ የእኛን ሰፈር ሕግ ልንገራችሁ። ድሬዳዋ የሚወርድ ሰው ለማንም አይሰናበትም፤ ታክሲ መሳፈር ነው። ባሕር የሚሻገር ግን ሌላ ነው። ለሐጅም ይሂድ ለሥራ፣ ከመሄዱ በፊት የጎረቤቱን በር አንድ በአንድ እያንኳኳ “አውፍ በሉኝ” ይላል። ያስቀየመው ይቅር ይለዋል፣ ሽማግሌ ይመርቀዋል። ሲመለስም ጎረቤት ተሰብስቦ “እንኳን ደህና ገባህ” ይለዋል፤ እሱም ከሄደበት አገር የያዘውን ትንሽ ትንሽ ያቀምሳል። ክርስቲያን ነኝ፣ እስላም ነኝ የለም፤ ጀጎል ውስጥ በር የሚጋራ ሁሉ የሚኖርበት ሕግ ነው። ሳይሰናበት ባሕር የተሻገረ ሰው እንግዲህ ወይ ቂም ይዟል፣ ወይ የሚደብቀው ነገር አለው።

ቤቴ ስደርስ በራፉ ላይ የጫማ መዓት! ገባሁ። ሳሎኑ ሞልቷል። ከግድግዳው ሥር የጎረቤታችን የራውዳ አባት ሐጂ አብዱላሂ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ከፍ ያለው ወንበር ላይ ደግሞ አማቴ እማማ ዘነበች፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው… ባለቤቴ ሰናይት ለእንግዶቹ ሻይ ታድላለች። አየችኝ።

“እንኳን ደህና ገቡ” አለችኝ።

ገቡ! ያገባችሁ ሰዎች ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አይነገራችሁም። ያላገባችሁ ደግሞ ይቆያችሁ፤ ታውቁታላችሁ። ሚስት ባሏን “አንተ ከይሲ” ስትለው ተስፋ አለው። “እርስዎ” ካለችው ግን ንስሐ ይግባ።

ሐጂ አብዱላሂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ቲቸር፣ እኔ አልተቀየምኩም” አሉ። (እንዲህ የሚል ሰው መቼም ተቀይሟል።) “ግን ዱዓ ሳናደርግልህ ባሕር ትሻገር? ጎረቤት አይደለንም?”

“ሐጂ፣ የትም አልተሻገርኩም! ድሬዳዋ ነበርኩ!”

“ድሬዳዋ!” አሉ እማማ ዘነበች። ቃሏን እንደ ማስረጃ ነበር ያነሷት። “ድሬዳዋ የጅቡቲ ባቡር የለም?”

“እማማ፣ ፓስፖርት እኮ የለኝም!”

“የሐረርጌ ሰው ጅቡቲ ለመግባት ፓስፖርት ይዞ ያውቃል? ተው እንጂ ልጄ፣ እኔንማ አታታልለኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!” መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። “ለመሆኑ ስምንት እግር ያለው ነገር በልተሃል?”



“አልበላሁም።”

“ጽፈሃል!”

“ጻፍኩ እንጂ አልበላሁም!”

“ልዩ ነው ብለሃል!”

ሐጂ አብዱላሂ ሊያስታርቁን ፈልገው “ግድ የለም እማማ ዘነበች፣ የባሕር እንስሳ እኛ ዘንድ ሐላል ነው” አሉ። ትንሽ አሰቡና “በእናንተ በኩል እንጃ እንጂ” ብለው ጨመሩበት። እማማ ዘነበች አማተቡ።

ማስረጃ ላቅርብ ብዬ ቦርሳዬን ዘረገፍኩ። የሥልጠና ሰርተፊኬት? “በኋላ ይላክላችኋል” ብለውናል። የታክሲ ደረሰኝ? ታክሲ ደረሰኝ ሲሰጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰው የሄደበትን ቦታ ማስረዳት ቀላል ነው፤ ያልሄደበትን በምን ያስረዳል? ከቦርሳዬ የወጣው ከድሬዳዋ ገበያ ለቤት የገዛሁት አንድ ፌስታል ተምር ብቻ ነበር። ራውዳ ቀልጠፍ ብላ ሳህን አመጣችና አዞረችው። ሁሉም ቀመሰ።

“ማሻአላህ! የደሴት ተምር ልዩ ነው!” አለች። ሁሉም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

በመጨረሻ የፎቶው ነገር ተነሣ። እማማ ዘነበች “ቁም” አሉኝ። ቆምኩ። “ዙር” አሉኝ። ዞርኩ። እንዲህ ሆኜ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ፣ ጀርባዬን ወደ ዳኞቹ ሰጥቼ፣ የገዛ ሳሎኔ ውስጥ ለፍርድ ቆምኩ። የራውዳ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች።

“ትከሻው እሱ ነው።”

“መላጣውም እሱ ነው፤ ጎኑ ላይ ስትታይ የለ?”

“የለም፣ የለም፣ ይሄ ባለፎቶው ሰውዬ ወገቡ ይቀጥናል” አለ አንድ ድምፅ።

እግዜር ይስጥልኝ ልበል ወይስ ልቀየም? ሰው ነጻ የሚያወጣኝን ቃል ከውፍረቴ ጋር አያይዞ ይናገረዋል እንዴ! አፌን ሳልከፍት እማማ ዘነበች ደመደሙት። “ስምንት እግር እየበላ ከርሞ ነዋ የከሳው!”

እንግዶቹ መርቀውኝ፣ ትንሽም ታዝበውኝ ወጡ። ሰናይት ጓዳ ገብታ በትንሿ ሻንጣ ልብስ ከተተችና እናቷን አስከትላ አቦከር ሰፈር ወደሚገኘው የእናቷ ቤት ሄደች።

“የት ነው?” አልኳት በሩ ላይ።

“ዕረፍት” አለችኝ። “ሰው ዕረፍት አይሄድም እንዴ?”

ቀልዱን ለአፍታ እንተወውና፣ ፈራሁ። ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። ቤቱ ሲሰፋብኝ አንድ ነገር፤ የጨው ዕቃ የት እንደሚቀመጥ በአሥራ ስምንት ዓመት ሳላውቅ መቅረቴ ሌላ ነገር። ድሬዳዋ ሳለሁ በየቀኑ ደውዬላታለሁ፤ የያዝኩትን ቦርሳ የሸከፈችው ራሷ ናት። ታዲያ እንዴት ጅቡቲን፣ ባሕሩን፣ ያን ሁሉ አመነች? አስተናጋጇ ትሆን? “ፈገግታዋ የማይጠፋ አስተናጋጅ ማንጎ ቆርጣ አጎረሰችኝ” ብዬ ነበር። ማጎረሱን ምን አመጣው! በሳህን አቀረበችልኝ ብል ምን ነበረበት? ብደውል አታነሳም። ጽሑፍ ብልክ ምልክቱ ሰማያዊ ይሆናል፤ መልስ ግን የለም።

ሐሙስ ዕለት መልእክት መጣልኝ፤ የላኩት እማማ ዘነበች ናቸው። “ቅዳሜ በአምስት ሰዓት ሽማግሌ ይቀመጣል፤ እንዳትቀር።”

ቅዳሜ አቦከር ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሐጂ አብዱላሂ፣ ሌላው የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ታደሰ። ጋሽ ታደሰ የጽሑፎቼ የረጅም ጊዜ አንባቢ ናቸው። እማማ ዘነበች ሰዓቱ ቁርስም ምሳም ያልሆነ መሆኑን አስበው ትልቅ ሳህን ፉል፣ እንቁላል፣ ትኩስ ዳቦና ማር አቅርበዋል። ማንም ግን እጁን አልሰደደም። ሰናይት ከእናቷ ጎን ስልኳን ይዛ ተቀምጣለች። ቀና ብላም አላየችኝ።

ጋሽ ታደሰ ንግግሩን ከፈቱ። “እንግዲህ ልጆች፣ ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል…”

“እሱ ለብቻው ነዋ የቀዳው!” አሉ እማማ ዘነበች።

“ይቆዩ እማማ፣ ይናገር። በል ልጄ፣ እውነቱን ንገረን። ሄደሃል ወይስ አልሄድክም?”

ተነሣሁ። እጄን አጣጥፌ፣ “አባቶቼ” አልኩ፣ “አልሄድኩም። ባሕርም አላየሁ፣ ደሴትም አልረገጥኩ። ሦስት ቪዲዮ አይቼ ከጭንቅላቴ ነው የጻፍኩት። ዋሸሁ። ይኸው ነው።”

ቀለለኝ ልላችሁ ነበር። ጋሽ ታደሰን ሳያቸው ግን ፊታቸው ተለዋውጧል።

“ጋዜጣ ላይ… ይዋሻል እንዴ?” አሉ።

“ጋሽ ታደሰ፣ ወግ እኮ ነው፤ ለጨዋታ…”

“ቆይ፣ ቆይ። ያ ዱሮ የጻፍከው፣ ሱሪህን ከገመድ ላይ ወስዶ ዛፍ ላይ የወጣው ዝንጀሮስ?”

“እሱ… ግማሹ እውነት ነው።”

“የትኛው ግማሽ? ሱሪው ወይስ ዝንጀሮው?”

“ሱሪው” አልኩ።

ጋሽ ታደሰ ወንበራቸው ላይ ተደገፉ። “እኔ እኮ ያን ጊዜ አዝኜልህ ከእድር ካዝና ሱሪ ይገዛለት ብዬ ሐሳብ አቅርቤ ነበር” አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ያለውን ቅሬታ ብትሰሙት… ስለ ዝንጀሮው ይቅርታ ጠየቅሁ። አባታዊ ምክራቸውን “ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል” በሚለው ደመደሙልኝ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ራስ ለራስ ገጥመው ተመካከሩ። ፍርዱን የተናገሩት ሐጂ አብዱላሂ ናቸው።

“ስማ ቲቸር። ሄደህ ከሆነ ሚስትህን ጥለህ ስለሄድክ ጥፋተኛ ነህ። ሳትሄድ ከሆነ ስለዋሸህ ጥፋተኛ ነህ። በሁለቱም መንገድ ካሳው አንድ ነው፤ እሷን ባሕር ዳር ወስደህ ያንን የጻፍከውን ምግብ ታበላታለህ።”

“ስምንት እግሩ ሲቀር” አሉ እማማ ዘነበች።

“ስምንት እግሩ ሲቀር” አሉ ጋሽ ታደሰም።

“ሐጂ፣ በመምህር ደመወዝ? ደሴት?”

“እሱን አላህ ያውቃል። ኢንሻአላህ በል።”

“ኢንሻአላህ” አልኩ። ከዚያ ቤት ከሰናይት ጋር የሚያስወጣኝ ከሆነ ጨረቃም ላይ ብራንች አበላታለሁ ብዬ እፈርም ነበር። ሽማግሌዎቹ ወደ እሷ ዞሩ። ጋሽ ታደሰ “አንቺስ ልጄ፣ ፍርዱን ተቀበልሽ?” አሏት።

ሰናይት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

“እኔ ድሬዳዋ እንደነበር አውቃለሁ” አለች።

እማማ ዘነበች መነጽራቸውን አወለቁ። “ምን አልሽ?”

“አውቃለሁ እማዬ። ሸሚዙን የሸከፍኩት እኔ ነኝ፤ ማታ ማታም ይደውልልኝ ነበር። ያ ጀርባም የሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይሄን ሁሉ ዓመት ያየሁትን ጀርባ አጣዋለሁ እንዴ?”

“ታዲያ ምን ሆነሽ ነው ሳምንቱን ሙሉ ልብስሽን ይዘሽ እኔ ቤት የከረምሽው?”

ስልኳን ከፈተችና አንብባ አሰማችን። “‘ለአንድ ሰው የተሰናዳችውን ትንሽ ጠረጴዛ መርጬ ተቀመጥኩ። ብቻዬን። ዓለም ምንኛ ሰላም ናት!’”

ያንን መስመር ረስቼው ነበር። ስጽፈውም ልብ አላልኩትም።

“አቅም እንደሌለን አውቃለሁ” አለች ወደ እኔ ዞራ። አሁን “አንተ” ነበር ያለችኝ። “ባሕር ውሰደኝ ብዬህ አላውቅም። ግን ለዚህኛው መንገድ ትኬት አልቆረጥክም። አልጋ አልተከራየህም። በሐሳብህ ነው የሄድከው። እስቲ በሐሳብህ ስትሄድ፣ ምንም በማይከፈልበት፣ ለእኔ አንድ ወንበር አጣህ?”

እኔ በበኩሌ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ከሐረር ውጪ እኔና እሷ አብረን የሄድንበትን ቦታ በሐሳቤ ቆጠርኩ። አንዴ ድሬዳዋ፤ እሱም መንጋጋ ጥርሷን ልታስነቅል። የዓለምን ካርታ ሰሌዳ ላይ በቃሌ የምስለው ሰው፣ በዚያ ሁሉ ባሕርና ደሴት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እሷን አላስቀመጥኳትም። አፈርኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በጣም አፈርኩ።

ሐጂ አብዱላሂ ከዘራቸውን አነሡ። “ይሄ ከእኛ አቅም በላይ ነው” አሉ ለጋሽ ታደሰ። “እኛ ፉሉን እንብላ።”

እነሱ እጃቸውን ታጥበው ወደ ፉሉ ቀረቡ። እኔ ከሰናይት ጎን ሄጄ ተቀመጥኩ። አልተነሣችም። ስልኬን አውጥቼ ለአዘጋጁ መጻፍ ጀመርኩ። “ባለፈው ጽሑፌ ላይ ከባድ ስሕተት ተፈጥሯልና እንዲህ ተብሎ ይታረምልኝ። ‘ከባለቤቴ ጋር ሆነን፣ ባሕሩን ፊት ለፊት የምታየውን፣ ለሁለት ሰው የተሰናዳችውን ጠረጴዛ መርጠን ተቀመጥን። አስተናጋጁ ወንድ ነበር…’”

ሰናይት በትከሻዬ ላይ አንገቷን አስግጋ እያነበበች ነበር። አንዴ አነበበችው። መልሳ አነበበችው። ቁራሽ ዳቦ ማር ላይ ነክራ አፏ ውስጥ አደረገችና፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳትነቅል ጠየቀችኝ።

“ምን ለብሼ ነበር?”